የተቃናው ድራይቭ

ሰዓት ሠሪው የመጀመሪያውን ፍሎፒ ዲስክ ሲከት ማንበቢያው ድራይቭ እንደ ወትሮው አጉረመረመ፤ ከዚያም ስክሪኑ ላይ «ዲስኩ አይነበብም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሁለተኛውን ከተተ። ሦስተኛውን። ሰባቱም ያው ሆኑ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባው።

«ምነው፣ አንዱም አልተነበበም?» አለ የእኅቱ ባል ከጀርባው።

የእኅቱ ባል ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ሁለቱን አማቾች ያወዳጃቸው፣ ሌሎች የጣሉትን አሮጌ ኮምፒዩተር እያነሡ ነፍስ እንዲዘራ ማድረግ ነው፤ አንዱ ዕቃውን ይጠግናል፣ ሌላው ፕሮግራም ይጽፍበታል። ጎረቤቶቻቸው «የቆርቆሮ ሐኪሞች» እያሉ ይስቁባቸዋል።

ሳቁ የቀረው እኅቱ ከታመመች ወዲህ ነው። ሕመሙ አስቀድሞ እግሯን፣ ቀጥሎ አንደበቷን ነጠቃት፤ የተረፋት የቀኝ አውራ ጣቷ ነው። መኝታ ቤት ባለው ኮምፒዩተር ላይ ፊደላት ተራ በተራ እየበሩ ያልፋሉ፤ የምትሻው ሲደርስ አንዲት ቁልፍ ትጫናለች። ባሏ ሁለት ዓመት የደከመበት ፕሮግራም ነው። አሁን ጣቷም እየከዳት ነው፤ ሐኪሙ ለጣቷ የቀናት ዕድሜ ነው የሰጠው። ከዚያ በኋላ የሚታዘዛት ቅንድቧ ብቻ ስለሚሆን ፕሮግራሙ የቅንድብ እንቅስቃሴ እንዲቀበል መለወጥ አለበት። ለመለወጥ ደግሞ የተጻፈበት ኮድ ያስፈልጋል፤ ኮዱ ያለው በእነዚህ ዲስኮች ላይ ብቻ ነው።

«ወንድምዬ፣ ዲስኮቹ ምን ሆኑ?»

«ባለፈው ወር ድራይቩን ወስጄው አልነበር?»

«አዎ፣ አጽድተህ መለስክልኝ። እግዜር ይስጥህ ብያለሁ።»

«ማጽዳት ብቻ አይደለም። አቃንቼዋለሁ። የድራይቩ አንባቢ ጫፍ ከመስመሩ በፀጉር ስንጥቅ ያህል ወጥቶ አየሁትና ዓይኔ አልችል አለ፤ ወደ ቦታው መለስኩት። አንተ ግን እነዚህን ሁሉ የጻፍካቸው ጠሞ ሳለ ነው። ዲስኮቹም አብረውት ጠመዋል። ሌላ ድራይቭ አያነባቸውም፤ አሁን እሱም ራሱ አያነባቸውም።»

«ቅጂዎቹስ?»

«እነሱንስ የጻፋቸው ይኸው ድራይቭ አይደል?»

መምህሩ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «ምልክት አድርገህበታል አይደል? አንተ መቼም ሳትጭር ብሎን አትነካም።»

እውነት ነው፤ በአርባ ዓመት የሙያ ዘመኑ፣ የነበረበትን ቦታ በመርፌ ጫፍ ሳይጭር ያንቀሳቀሰው ብሎን የለም። ያን ቀን ግን መጥመሙን እንደ ነውር ቆጥሮት፣ ነውርን ምን ብዬ ልመዝግብ ብሎ አለፈው። ትዕቢት ነበር፤ ስሙን አሁን አገኘለት።

«አላደረግሁም።»

ቢሰድበው በወደደ። መምህሩ ግን ወደ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ለአፍታ ተመለከተና በለሆሳስ «በል መልሰህ አጣመው» አለ።

ክዳኑን ሲከፍት አንባቢው ላይ ቡናማ ብናኝ አየ። ያረጁት ዲስኮች በዞሩ ቁጥር እየተላጡ ነው፤ ስንት ሙከራ እንደሚችሉ የሚያውቅ የለም። ብሎኑን አላልቶ አንባቢውን በካቻቪቴ ጫፍ ገፋ አደረገው። አልተነበበም። ወደ ቀኝ ነበር ወይስ ወደ ግራ? አላስታወሰም። እንደገና ገፋው። ድራይቩ አቃሰተ፤ እያንዳንዱ ማቃሰት ከእኅቱ ቃላት አንዱን የሚፍቅ መሰለው። በዐሥራ አራተኛው ሙከራ የፋይሎቹ ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ወረደ።

«ያዘ! አጥብቀው፣ ቶሎ አጥብቀው!»

«ካጠበቅሁት ይሸሻል። እንደያዝኩት እቆያለሁ፤ አንተ ዲስክ ለዋውጥ።»

«በዚያ እጅህ?»

«ሌላ እጅ ካለህ አውጣ።»

የሰዓት ሱቁን ያዘጋው የእጁ መንቀጥቀጥ ነበር። ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ትንፋሹን ቆጠበ። አራተኛው ዲስክ መጨረሻው ላይ ሲጮህ ዓይኑን ጨፈነ። ስድስተኛው ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎ በአራተኛው ተነበበ። ሰባተኛው ወደ ኮምፒዩተሩ ተገልብጦ ሲያበቃ ጣቶቹ ካቻቪቴውን አልለቅ አሉት፤ አንድ በአንድ የፈለቀቃቸው መምህሩ ነው።

ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ድምፃቸውን በግድግዳው በኩል ስትሰማ ኖሮ ስክሪኑ ላይ «አትደን» የሚል ጅምር ተጽፏል። አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ እንደተጋደመ ነው፤ አይጫንም። ፊደላቱ ያልፋሉ። «ግ» ሲበራ ቅንድቧ ከፍ አለ። «ግ» አለፈ፣ ዞሮ መጣ፤ ቅንድቧ አሁንም ከፍ አለ።

«አይቼሻለሁ፣ ዓለሜ! መጣሁልሽ!» አለ መምህሩ፤ ወደ ኪቦርዱ እየሮጠ።

ሰዓት ሠሪው ከአልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ቁልፉን ከጣቷ ሥር አወጣው። መምህሩ ፕሮግራሙን ለውጦ እስኪጨርስ ቅንድቧን እያየ ሊጫንላት ነው። ጣቱ ከቁልፉ በላይ ይርገበገባል፤ ያልተናገረችውን እንዳያናግራት ፈርቶ አንጓውን በሌላው እጁ ያዘው። «ሀ» በራ። «ለ» በራ።