በር ያዡ ራድኮ

የእኛ መንደር ኮርማ ሲያስነጥስ የጎረቤት መንደር ደወል ይመታል። ይህን ባታምኑኝ አልቀየምም፤ የሚቀጥለውን ግን እመኑኝ።

በመስከረም በዓል ኮርማው በጎዳና ይለቀቃል፣ ሯጮችም ከፊቱ ይሮጣሉ። መጨረሻው የእንጨት በር ያለው በረት ነው። ያንን በር የሚይዝ ሰው የአገሩ ልጅ ነው፣ ክርክር የለም። ከቡልጋሪያ የመጣው ራድኮ ግን ስንት ዓመት ነጭ ሽንኩርት አብሮን ሲለቅም ኖሮ "ቡልጋሪው" ከመባል አልወጣም ነበር፤ ስለዚህ በሩን እንደ ሙሽራ ተመኘው።

ኮርማውን የሚነዱት እረኞች አለቃ አጎት ኤቫሪስቶ፣ "ትእዛዝ የማይገባው በር አይዝም" አለ። ሚስቱ እመቤት፣ በእኛ አጠራር ዶኛ፣ ካሲልዳ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናትና ራድኮን ወጥ ቤቷ አስቀምጣ ቋንቋችንን ታስጠናው ጀመር። እኔ ጥግ ይዤ ቋሊማዋን እበላለሁ።

"መዝጋት ሴራር ነው። አንድን ሰው ስታዝዝ ግን መሀሉ ይለወጣል፦ ሲዬራ! ዝጋ!"

"ሲዬራ።"

"መመለስ ቦልቤር ነው። ተመለስ ስትልስ?"

"ቦልቤ።"

"ቡዌልቤ! መሀሉን ንፋው እንጂ!"

"ዶኛ፣ ግሳችሁ ሰው ሲያዝዝ ሆዱ ይነፋል እንዴ?"

"ልክ እንደ ባሌ" አለች።

ባልየውም የራሱን ጨመረ። "በበዓሉ ሰካራሙም ከንቲባውም ያዝዝሃል። የማንንም እንዳትሰማ! ቀድመህ ከዘጋህ ሯጭ ከኮርማው ጋር ትቆልፋለህ። እኔ ሲዬራ ስል ብቻ ትዘጋለህ።" የአያቶቻችን ሕግም ይኸው ነው።

በዓሉ ደረሰ። ኮርማው በረት ገባ። ከኋላው ይነዳው የነበረው ኤቫሪስቶ ከበሩ ውጭ አዳልጦት በደረቱ ወደቀ። ኮርማው ዞረ።

"ሲዬራ! ሲዬራ!" መንደሩ በሙሉ ጮኸ፤ የጣሪያ ሸክላ እስኪረግፍ። ኤቫሪስቶ አፉን ከፈተ፣ ትንፋሽ ግን አልነበረውም። ራድኮ በሩን እንደጨበጠ ያንን አፍ ያያል። ድምፅ ይጠብቃል።

ኮርማው በተከፈተው በር ወጣ፤ ኤቫሪስቶም ዳግም አልተነሳም።

ፖሊስ ሲመጣ ሁላችንም አንድ ቃል ሆንን፦ "ባዕድ ነው፣ ቋንቋ አያውቅም፣ ምን ያድርግ?" ፖሊሱም አምኖን ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ዶኛ ካሲልዳ ደም በነካው ቀሚሷ መጣች።

"ራድኮ፣ ስንጮህ ገብቶህ ነበር?"

ጀርባውን ቆነጠጥኩት። "አልገባኝም በል፣ አንተ ደረቅ!"

"ገብቶኛል፣ ዶኛ" አለ። "ሁሉም ገብቶኛል። የእሱን ድምፅ ስጠብቅ ነው።"

"ነፍሰ ገዳይ!" አለ አንዱ ከኋላ። "ቡልጋሪው" ብሎ የጠራው ግን ማንም አልነበረም።

ዶኛ ካሲልዳ ግን፣ "ነገ ከእረኞቹ ጋር የባሌን የሬሳ ሳጥን ትሸከማለህ" አለችው። "ከፊት፣ እኔ በማይህ በኩል።"

ተሸከመ። ሌሎቹ ትከሻቸውን ከፍ እያደረጉ ክብደቱን ወደ እሱ ገፉበት። ሳጥኑ እስከ መቃብሩ ድረስ ወደ ራድኮ እንዳዘነበለ ሄደ፤ እሷም ሁሉንም እያየች ማንንም ቀና አድርጉት አላለችም።