ቄስ ወልደ ጻድቅ ስለ መብረቁ የተናገሩት

ሸዋአለም በአባቷ ማፈር የጀመረችው መቼ እንደሆነ ብትጠየቅ ቀኑን አታውቀውም። ኀፍረቷ ሥራ የሠራበትን ቀን ግን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ጥር ፲፱፻፶፰፣ የአስተርእዮ ማግስት፣ መንዝ ውስጥ ቀየት አጠገብ ባለው የአባቷ ቤት።

ያኔ አራት ኪሎ የሦስተኛ ዓመት የሳይንስ ተማሪ ነበረች። መምህሯ ዶክተር ራኦ ህንዳዊ ነበሩ፤ አገራቸው ሳሉ ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋ ጥቁር ድንጋይ ሲለቅሙ ዓመታት የቆዩ ሰው። የመንዝ ገደልም እንደዚያው ድርብርብ ሆኖ ከፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ የተሠራ መሆኑን ካወቁ ወዲያ ዕረፍት አጡ። ነገሩን ለተማሪዎቻቸው የሚያስረዱት በቀላሉ ነበር። ድንጋዩ ቀልጦ ሲፈስ በውስጡ ያሉት የብረት ቅንጣቶች ምንም አቅጣጫ አልያዙም። ሲበርድ ግን የእያንዳንዷ ቅንጣት መግነጢስ በጊዜው ሰሜን ወደነበረበት ይዞርና እዚያው ይቀራል። ሚሊዮን ዓመት ቢያልፍ ከዚያ ንቅንቅ የለም። አንዳንዱ ንጣፍ ሲለካ ሰሜን ያለው ደቡብ ሆኖ ይገኛል፤ ያ ንጣፍ ሲረጋ የምድር መግነጢስ ተገልብጦ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ድንጋዩ ከመነቀሉ በፊት እንዴት ተቀምጦ እንደነበር በላዩ ላይ ቀስት ይሳልበታል። ቀስቱ ከተሳሳተ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። በፀሐይ ጥላ እየለካ በነጭ ቀለም የሚስለው በዕውቀቱ የሚባል የክፍሏ ልጅ ነበር፤ እጁ የማይንቀጠቀጥ፣ ሦስት ጊዜ ያልለካውን የማያምን። የሸዋአለም ሥራ ማስተርጎም ነው። በሚመጣው ዓመት ከሁለቱ አንዱ የዶክተሩ ረዳት እንደሚሆን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ሦስቱ ድንጋይ ሊወስዱ መንዝ ሲመጡ ዶክተሩና ሸዋአለም በአባቷ ቤት አረፉ፤ በዚያ ምሽት በዕውቀቱ ከላንድሮቨሩ ጋር ቀየት አድሮ ነበር፤ ጎማ ፈንድቶበት። እናቷ እማማ ጌታነሽ ለእንግዳው በግ አሳርደው ጠበቁ። ዶክተሩ ሥጋ እንደማይቀምሱ ሸዋአለም መናገሩን ረስታው ኖሮ እናቷ ክው አሉ። አባቷ ቄስ ወልደ ጻድቅ ግን ነገሩ በጣም ጣማቸው።

«በፍስክ ቀን ባቄላ የሚበሉ! እኚህስ ከእኛ ዲያቆናት ይሻላሉ፤ የቀራቸው ጥምቀት ብቻ ነው» አሉ።

ሸዋአለም ይህን አላስተረጎመችም። ቀልድ ስለሆነ ማንም አይወቅሳትም።

ከእራት በኋላ ዶክተሩ ነገ ጥቁር አፋፍ ወደሚባለው ጉብታ እንደሚወጡ ለአባቷ ሲነገራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያ አትድከሙ አሉ። መብረቅ የረገጠው ቦታ ነው፤ ጣልያን በወጣ በዓመቱ ሁለት በሬ ገድሏል፣ ከዚያ ወዲህም ክረምት በገባ ቁጥር እዚያው ይወርዳል። የአካባቢው ሰው ከዚያ ድንጋይ ለአጥር እንኳ አያነሣም። ከሥር ወንዙ የቦረቦረው ጥሩ ድንጋይ ስላለ ከዚያ ይውሰዱ።

«ንገሪያቸው» አሉ።

የሚቀጥለውን ታውቀዋለች። በልጅነቷ ስንቴ ሰምታዋለች፤ መልአኩ፣ ሰይፉ፣ ቋጥኝ ውስጥ የተሸሸገው ጋኔን። ዶክተሩ በትሕትና ሲያዳምጡ፣ ከዚያ በልባቸው ፈገግ ሲሉ ታያት። ፊቷ ጋለ።

«አባቴ መንገዱ ያዳልጣል፣ ተጠንቀቁ ይላሉ» አለች በእንግሊዝኛ።

ዶክተሩ እጃቸውን አጋጥመው ጎንበስ አሉ። አባቷ «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ። አመስግነዋል አለች፤ ይህ ደግሞ እውነት ነው። በማግስቱ አባቷ ቅዳሴ ላይ ሳሉ፣ በዕውቀቱም ደርሶ፣ ሦስቱ ከጥቁር አፋፍ አሥራ ሁለት ድንጋይ ወሰዱ።

ግንቦት ላይ የልኬቱ ውጤት መጣ። ከሌላው ቦታ የተወሰደው ሁሉ እርስ በርሱ ተስማማ። የጥቁር አፋፍ አሥራ ሁለቱ ድንጋዮች ግን አሥራ ሁለት አቅጣጫ አሳዩ። ዶክተሩ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው እንዲህ ያለ ነገር አገራቸው መብረቅ በወረደበት ድንጋይ ላይ አይተው እንደነበር ነገሯት። የመብረቁ ኃይል የቆየውን አቅጣጫ ደምስሶ የራሱን ይጽፍበታል። ከዚያ ቀና ብለው፣ እዚያ አካባቢ ስለ መብረቅ ያነሣ ሰው ነበር ወይ አሏት።

«የለም» አለች።

ሳታስብ ነው ያመለጣት። ግን አስባ የምታርምበት ሰኔ ነበረ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነበሩ። መብረቅ ካልሆነ የተሳሳተው ቀስቱ ነው። በዕውቀቱ ተጠርቶ ሲጠየቅ ሦስት ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ ብቻ አለ። ማንም አልተቆጣውም። መስከረም ላይ ረዳት ሆና የተመረጠችው ሸዋአለም ናት፤ እንኳን ደስ ያለሽ ካሏት አንዱ እሱ ነበር።

ጥቅምት ላይ ዶክተሩ ከዚያው ቦታ እንደገና ድንጋይ ሊወስዱ እሷን ብቻ ይዘው ተመለሱ። ቄስ ወልደ ጻድቅ እንግዳቸውን አቅፈው ተቀበሉ፤ እማማ ጌታነሽ በዚህኛው ጊዜ ሽሮ አዘጋጅተዋል። ጨዋታው ሞቅ ሲል ዶክተሩ ነገ ጥቁር አፋፍ እንወጣለን አሉ። ሸዋአለም አስተረጎመች።

«ደግሞ እዚያው? አምና መብረቅ የመታው ነው ብያቸው አልነበር? ረስተውት ነው?» አሉ አባቷ።

ዶክተሩ ወደ እሷ ዞሩ። «ምን አሉ?»

በዚያ ቤት ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ከእሷ በቀር የለም። መንገዱ ደርቋል፣ አያዳልጥም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል። አባቷ መልሱን እየጠበቁ ነው፤ ልጃቸው ስታስተረጉም አንገታቸው ቀና የሚል ነገር አለ።

ነገረቻቸው። አምና አባቷ ያሉትን፣ እሷ የለወጠችውን፣ ግንቦት ላይ የለም ያለችውን፣ ሁሉንም ለዶክተሩ በእንግሊዝኛ ተናገረች። ዶክተሩ አልጮኹም። ማስታወሻቸውን አወጡና መብረቁ በየትኛው ወር ይበረታል፣ በዓይንዎ ስንቴ አዩ፣ ዛፍ ነበረበት ወይ እያሉ መጠየቅ ጀመሩ፤ እሷም እያስተረጎመች ተቀመጠች። አባቷ ዓመቱን እየጠሩ መለሱ። ስለ መልአክም ስለ ጋኔንም አንድ ቃል አልወጣቸውም። ትንሽ ቆይተው ግን ገባቸው።

«ቆይ። ይሄን አሁን የሚጠይቁኝ፣ አምና ስትነግሪያቸው አልሰሙሽም?»

«አልነገርኳቸውም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ምን አልሽ?»

«መንገዱ ያዳልጣል አልኩ።»

እናቷ ወጡን ሊጨምሩ የያዙትን ጭልፋ መልሰው አስቀመጡ።

«ያዳልጣል» አሉ ቄስ ወልደ ጻድቅ ቀስ ብለው። «ያፈርሽው በመብረቁ ነው፣ በእኔ?»

«በእርስዎ።»

አባቷ እጃቸውን ታጥበው ሲነሡ ለእንግዳው ደኅና ይደሩ አሉ፤ ይህንንም አስተረጎመች።

በማግስቱ ሦስቱ ወጡ። ዶክተሩ ኮምፓሱን ድንጋዩ ላይ ሲያስቀምጡት መርፌው ከሰሜን ሸሸ፤ ሁለት እርምጃ ወስደው እንደገና ሲሞክሩ በተቃራኒው ዞረ። ኮምፓሱን ለቄስ ወልደ ጻድቅ ሰጧቸው። አባቷ ከቋጥኝ ቋጥኝ እያሻገሩ ሞከሩት፤ መርፌው ክፉኛ በሚስትበት ቦታ ሁሉ በዱላቸው መሬቱን መታ መታ ያደርጋሉ፣ ዶክተሩም እዚያው ላይ ምልክት ይጥላሉ። አንዳቸውም አልጠሯትም። ቦርሳውን ይዛ ቆማ ጠበቀች። ሲወርዱ ዶክተሩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፤ ለበዕውቀቱ የምትነግሪው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?

እኔ አለች።

አራት ኪሎ በተመለሰች በማግስቱ በዕውቀቱን ከወንዶች ማደሪያ ጀርባ ሸሚዝ ሲያጥብ አገኘችው። ሳትቀመጥ ነገረችው። ሁለት ጊዜ ስለተናገረችው ይቀለኛል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም። እሱ እጁን አረፋው ውስጥ እንደ ነከረ እስክትጨርስ አዳመጠ።

«እኔ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ «ክረምቱን ሙሉ ሐኪም ቤት ስመላለስ ነበር። ዓይኔ ነው ብዬ። መነጽር አዘዙልኝ።»

ሸዋአለም ያን ጊዜ ነው ፊቱን ያየችው። መነጽሩ እውነትም ነበረ፤ ከመስከረም ጀምሮ አድርጎታል፣ አንድ ቀን ለምን ብላ አልጠየቀችውም። አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ አረፋውን ጠረገና፣ መልሶ ያድርገው አያድርገው ያልገባው ይመስል በእጁ ያዘው።