የቦራ ጀርባ

ከፋለ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር እስኪሆን ድረስ ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም። አህያም ቢሆን የጎረቤት ለምኖ ነበር የሚጭን። እና ቦራን የወረሰ ቀን፣ በወዲህ በኩል ወጥቶ በወዲያ በኩል ሊወርድ ምንም አልቀረው። ሰው ሁሉ በጋቢው አፉን ሸፍኖ ቆመ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሳቅም ያሳስራል።

ቦራ የደርበው ፈረስ ነበር። ግንባሩ ላይ ወተት የፈሰሰበት የሚመስል፣ ደርበው ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ለጉግስ የገራው። ጥምቀት በመጣ ቁጥር፣ "ሆ!" ሲባል ጆሮውን ያቆምና ማን ይይዘዋል! የደርበው ሚስት ብርቅዬ ደግሞ ወጌሻ ናት። የሰው አጥንት ቢወልቅ፣ የበሬ እግር ወለም ቢል፣ ወደሷ ነው የሚኬድ። ቦራንማ ከጉግስ ሲመለስ ላቡ ሳይደርቅ ጀርባውን ታሽለታለች።

"እኔንስ እንዲህ አሽተሽኝ ታውቂያለሽ?" ይላት ነበር ደርበው፣ ጠላ ቀመስ ሲያደርግ።

"አንተ መቼ ሰው ተሸክመህ ታውቅና!"

እንዲህ ሲኖሩ ከፋለ መጣና "ፈረስ የባላባት ዕቃ ነው፤ ለሰፊው ሕዝብ ተወርሷል" አለ። ደርበው እንኳን ባላባት ሊሆን፣ ጥማድ በሬ የሞላለት ሰው አልነበረም። ልጓሙን አለቅም ብሎ ተንጠለጠለ። የከፋለ ታጣቂዎች ደበደቡት። ማኅበሩ እህል የሚያከማችበት ቤት ውስጥ ባዶ መሬት ላይ ጣሉት። ሲፈቱት እያሳለ ወጣ፣ እያሳለ ከረመ፣ ገብሱ ሳይታጨድ ተቀበረ። ሰፊው ሕዝብ ግን ቦራ ላይ ሲወጣ ማንም አላየም። የወጣው ከፋለ ብቻ ነው።

ብርቅዬ በለቅሶው ላይ ብዙም አላለቀሰች። ሴቶቹ "ምን ያለች ደረቅ ናት!" ብለው አሟት። እሷ ሆዷ ውስጥ የነበረው ሌላ ነው፤ ከፋለን መሬት ለመሬት ሲንፏቀቅ ማየት፣ ቦራን ደግሞ ወደ ቤቱ መመለስ። ይሄን ሳታደርግ ላትሞት ለራሷ ምላለች።

የአብዮቱ በዓል ሲቃረብ ከፋለ ራሱ ደጇ ድረስ መጣ። በእናቱ ዕድሜ ያለችውን ሴት አንች እያለ፦

"ነይ ፈረሱን እይው። እህል እምቢ አለ፣ እግሩንም ይጎትታል። ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ፤ ከፊት ሆኜ የምቀበላቸው እኔ ነኝ።"

"እሺ ጓድ ሊቀመንበር፤ እርስዎ ካዘዙ" አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

ስትወጣ ቀሚሷ ጠርዝ ላይ የአጋም እሾህ ሰክታ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ከኮርቻው ሥር ትሸጉጠዋለች፣ ከፋለ ሲቀመጥበት ይወጋል፣ ቦራ ይዘላል፣ የከፋለ አንገት ይቀነጠሳል።

በረቱ ውስጥ ስትገባ ግን ፈረሱን አላወቀችውም። ኮርቻው የበላው ቁስል ላይ ዝንብ ሰፍሯል። ጀርባው ሰርጉዶ አከርካሪው እንደ መጋዝ ወጥቷል። ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ግላስ ሳያጥቡ፣ ሳያደርቁ ነው የሚጭኑበት፤ ላብና ደም ደርቆበት እንደ ቅርፊት ሆኗል። ኮቴው ሥር ጠጠር ተቀርቅሯል። እጇን አንገቱ ላይ ስታሳርፍ ቆዳው ተርገፈገፈ፣ ሊሸሽ ፈለገ። ከዛ አሸተታት። ከዛ ግንባሩን ደረቷ ላይ ተከለ።

እሾሁን ነቅላ አጥር ማዶ ወረወረችው።

"በደርበው ሞት፣ አንተንስ አልወጋህም" አለችው።

ትንሽ ቆይታ ግን ሳቅ አፈናት። ከፋለ ቦራን መች ጋልቦት ያውቃል? እስከ ዛሬ የተቀመጠው ቁስሉ ላይ ነው። "እኔን ፈርቶ ነው ጭምት የሆነው" እያለ በየጠላ ቤቱ ያወራል፤ ፈረሱ ለካ አሞት ኖሯል። ሕመሙ ቢለቀውስ?

"ቆይ ብቻ ከፋለ" አለች ለራሷ። "አድንልሃለሁ። እንደ ጉድ ነው የማድንልህ።"

ከዛ ወዲያ በየጠዋቱ መጣች። መጀመሪያ ኮርቻ እንዳይነካው ከለከለች። ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውሃ አጠበች፣ ማር ቀባች። ግላሱን አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣች፤ ቁስሉ ላይ የሚያርፈውን ቦታ ቀድዳ ዙሪያውን የበግ ለምድ ሰፋችበት። ኮቴውን በቢላ ጫፍ ፈልፍላ ጠጠሩን አወጣች። ገብስ በባቄላ ከከፋለ ጎታ አዘዘችለት፤ እሱም ለእንግዶቹ ሲል አስሰፈረ።

ከዛ ማሸት ነው። ቅቤውን መዳፏ ላይ ታሞቀዋለች። ከጆሮው ኋላ ትጀምርና በአንገቱ ትወርዳለች፤ ጫንቃው ጋ ስትደርስ አውራ ጣቷን ተክላ ትጠብቃለች። አትገፋውም፣ ዝም ብላ ትጠብቃለች፣ ጅማቱ ራሱ እስኪለቅላት። ሲለቅ የቦራ የታችኛው ከንፈር ይንጠለጠላል፣ ዓይኑ ይከደናል፣ ያዛጋል። ከዛ ወገቡን በክርኗ፣ ዳሌውን በጡጫዋ። አንድ ቀን ወገቡ ላይ ስትደርስ እጇን በጥርሱ ገፋ አደረጋት፤ አመመው። "ይቅርታ ጌታዬ" አለችው፣ ያን ቦታ ተወት አድርጋ ዙሪያውን አሸች። በማግስቱ ራሱ አስጠጋላት።

ቁስሉ ደረቀ፣ ጠጉር አወጣ። ጀርባው ሞላ። ቦራ በረቱን በኮቴው ይደበድብ ጀመር።

ብርቅዬ ሰው ተሰብስቦ ባለበት ከፋለን ጠራችው።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ሰውም ይስማልኝ። ይሄ ፈረስ ድኗል። የጉግስ ፈረስ ነው፣ ሆ ሲባል አይቆምም። ለበዓሉ በበቅሎ ቢወጡ ይሻልዎታል።"

"እኔን!" ከፋለ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ባላባቱን የገራን ሰዎች ፈረስ ያቅተናል? ዝም በይ አንች አድኃሪ!"

"እንግዲህ ተናግሬያለሁ። ሰምታችኋል።"

ውሸት አልተናገረችም። እውነት ብትነግረው እንደማያምናት ታውቃለች።

የበዓሉ ቀን የላሊበላ ገበያ ሜዳ ሰው በሰው ሆነ። እንግዶቹ ዳስ ሥር ተቀምጠዋል። ፈረሰኞቹ ከኋላ፣ ከፋለ ካኪውን ለብሶ ከፊት። ቦራ ቅቤ የጠጣ ይመስላል፤ ያብረቀርቃል። ከፋለ በቀኝ እጁ ልጓሙን ይዞ ግራውን ጨብጦ ወደ ሰማይ ዘረጋ።

"ኢትዮጵያ ትቅደም!"

"ትቅደም! ሆ!" አለ ሕዝቡ።

የቦራ ጆሮ ቆመ። ብርቅዬ ከሴቶቹ መሃል ሆና ነጠላዋን ነከሰች።

መጀመሪያ የቀረው የከፋለ ባርኔጣ ነው። ቀጥሎ እርካቡን ሳተ። ቀጥሎ ልጓሙን ለቆ ጋማው ላይ ተለጠፈ። ያ በየስብሰባው "እግዜር የሚባል የለም" እያለ ሰውን ሲያስጮህ የኖረ፣ "ኧረ ጊዮርጊስ! ኧረ ላሊበላ! እመብርሃን ድረሽ!" እያለ በእንግዶቹ ፊት አለፈ። ያልጠራው ታቦት የለም። ዳሱ ጥግ ላይ ቦራ ታጠፈ፤ ከፋለ ግን ቀጥ ብሎ ሄደና የጠላው ጋን ላይ አረፈ።

አንድ ሽማግሌ ቄስ ጭራቸውን እያወዛወዙ "ለካስ ሁሉንም በስም ያውቃቸዋል" አሉ። ያኔ ሰው መታሰሩንም ረሳው፤ ሜዳው በሳቅ ተናወጠ።

ግራ ትከሻው ወልቆ በቃሬዛ ብርቅዬ ቤት አመጡት። ሚስቱ አሰለች እየሮጠች ተከተለች። ብርቅዬ ምስር ስትለቅም ደረሱባት፤ መልቀሙን አላቋረጠችም።

"እትዬ ብርቅዬ፣ በእናትዎ!" አለ ከፋለ። አንች ቀርቷል።

"እናቴ ሞታለች።"

"በደርበው ይዤዎታለሁ!"

ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። ተነሥታ አጠገቡ ተንበረከከችና ጣቷን ትከሻው ላይ አኖረች፤ የቦራ ጫንቃ ላይ እንደምታደርገው ተክላ ቆየች። አሁን ግን እስኪለቅ አልጠበቀችም፣ ጫን አለችው። ጩኸቱ ማዶ ተሰማ።

"ስሙን ሁለተኛ እንዳትጠራ። ፈረሱ የማን ነው?"

"የሰፊው ሕዝ…" ጫን አለችው። "የእርስዎ! የእርስዎ ነው!"

"ጮክ በል፤ ደጅ ያሉት አልሰሙም።"

"ቦራ የእትዬ ብርቅዬ ነው!"

"ሰማን!" አሉ ከደጅ።

ተረከዟን ብብቱ ውስጥ አስገብታ ክንዱን ሳበችው፤ ቋ ብሎ ገባ። እንደ እሷ ያለ እጅ በአገሩ የለም፤ ለጠላትም ቢሆን አጥንት አጣማ አትመልስም። ክንዱን በመቀነት ጠፍንጋ ካሰረች በኋላ ግን ጆሮው ሥር ጎንበስ አለች።

"ስማኝ ልጄ። ይሄ ክንድ ከዛሬ ወዲያ ከትከሻህ በላይ መነሣት የለበትም። ካነሣኸው ይወልቃል፤ ከወለቀ እኔም አልመልሰው፣ ማንም አይመልሰው።"

"እስከ መቼ?"

"እስክትሞት።"

መቀነቱ ከተፈታ በኋላ ከፋለ በስብሰባ ሰው ሁሉ ግራ እጁን ጨብጦ ሲያነሣ፣ እሱ ክንዱን እንደ እንቁላል አቅፎ ይቆማል። ብርቅዬ የኋላ ወንበር ላይ ሆና ከሁሉም በላይ ታነሣለች።

"ጓድ ከፋለ፣ እጅህ ምን ሆነ?" አለ የአውራጃው ካድሬ።

"ወጌሻዋ ከልክላኝ ነው።"

"አብዮቱን የሚመራው ወጌሻ ነው እንዴ? በዓሉ ላይ ታቦት ስትጠራ ሰማንህ፣ አሁን ደግሞ ለመፈክር እጅ የለህም!"

ከፋለ ትንሽ ሊያነሣው ሞከረ፤ ጡቱ ጋ ሲደርስ ላብ አጠመቀው፣ መለሰው። ሊቀመንበርነቱን ለምክትሉ ለፈንታው ሰጡበት። መሣሪያውንም ተቀበሉት። አሁን ከፋለ ገበያ ሲሄድ ልጆች ከኋላው "ሆ!" ይሉታል፤ እሱም ክንዱን አቅፎ ይሮጣል።

አንድ ጠዋት ብርቅዬ ደጇ ላይ ቦራን ስታሽ አሰለች እያዘገመች መጣች። የአሰለች ዓይን ሥር ድሮ ጠቁሮ አይጠፋም ነበር፤ "በር መታኝ" ትላለች። የዛ ቤት በር ግራኝ እንደሆነ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። አሁን ግን ፊቷ ጠርቷል።

"እትዬ ብርቅዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቂኝ።"

"ከፋለ ሲተኛ አየሁት። ሁለቱንም እጁን ከራሱ በላይ ዘርግቶ ያንኮራፋል። ግራውም ምንም አይለው።"

የብርቅዬ እጅ ቦራ ወገብ ላይ ቀረ። ጎረቤት እንዳይሰማ ዙሪያዋን ቃኘች።

"ነገርሽው?"

"ምን ቆርጦኝ!" አለች አሰለች። "ሊነቃ ሲል እጁን ቀስ አድርጌ እመልስለታለሁ።"