የደንገል ልፋት

የከተማ ሰው ልፋት የሚለውን ቃል በከንቱ ያባክነዋል። ገበያ ደርሶ ሲመለስ እንኳ «ስለፋ ዋልኩ» ይላል። እኛ ጣና ዳር ያደግን ግን ሥራንና ልፋትን ለይተን ነው የምንጠራው። ታንኳ ማሰር ሥራ ነው፤ የለመደ ሰው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ልፋቱ ታንኳው የሚታሰርበትን የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገሉን፣ ማድረቁ ነው። ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ጠዋትም ከሰዓትም ይገላበጣል፣ ጤዛ እንዳይነካው ሲመሽ ይሰበሰባል። ነገም ያው ነው፣ ከነገ ወዲያም ያው። ሲያዩት ምንም የተሠራ አይመስልም።

ወንድሜ ዓብደላ ይህን ነገር አምርሮ ይጠላ ነበር።

«አባ፣ ደንገል ስናገላብጥ ልናረጅ ነው እኮ» ይላል።

«ልፋት ይሰለቻል እንጂ አይከዳም» ይለዋል አባቴ ኑርሑሴን፣ ቀና ሳይል።

የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ባሕር ዳርን ባመሰበት ዓመት፣ የቀበሌ ሰዎች ከሰፈራችን ሁለት ጎረምሶች ከገበታ ላይ አንሥተው ወሰዱ። ነገ ዓብደላን ሊወስዱ ወደ እኛ ቤት እንደሚመጡ አንድ የሚወደን ሰው ሹክ አለን። መንገዱ ሁሉ ኬላ ነው፤ የቀረው ውኃው ብቻ ነበር። አክስታችን ዘይነት ከውኃው ማዶ ዘጌ ትኖራለች፤ እዚያ ቡናው ውስጥ የገባን ሰው ማንም አያገኘውም። ግን የሰፈሩን ታንኳ ሁሉ ቀበሌው ሰብስቦ ያስጠብቃል። በእጃችን ያለው ገና ትናንት የታጨደ ደንገል ነው።

አባቴ ደንገሉን ጨበጥ አድርጎ እርጥበቱን አየ። ከዚያ ማሰር ጀመረ።

«ሳይደርቅ?» አለች እናቴ።

«ጊዜ የት አለ? ዘጌ ሩቅ አይደለም፤ ያደርሰዋል።»

ጎህ ሲቀድ ዓብደላ የአባቴን ጉልበት ሳመ። «ዛሬስ ከማገላበጥ ተገላገልሁ» ብሎ ሣቀና ተሳፈረ። እኛም ሣቅን።

እርጥብ ደንገል ውኃ ይጠጣል። መጀመሪያ ይከብዳል፣ ከዚያ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ ሰውየውን ይዞት ይወርዳል። ዓሣ አጥማጆች ወንድሜን ያመጡልን በሦስተኛው ቀን ነው።

ለቅሶው ላይ ጎረቤታችን እማማ እናትዓለም አባቴ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ «ኑርሑሴን፣ ስንት የለፉበትን ልጅ ውኃ በላብዎ» አሉ፤ ሁሉም እንደሚለው።

«አልለፋሁበትም» አለ አባቴ። «ለሰው ታንኳ ደንገል ሳገላብጥ ኖርሁ። ለልጄ አላገላበጥሁም።»

እኔ እስከ ዛሬ የምረግመው የማድረቂያ ቀኖቹን የነጠቁንን ነው፤ አባቴን አይደለም። ያን ዕለት ግን እኔን ጨምሮ ከተቀመጠው ሰው መሃል «ተው፣ እንዲህ አትበል» የሚለው ጠፋ፤ ሁሉም የሐይቅ ሰው ነበረና።