ሰባት ጊዜ ስምንት

የየሺሀረግ ወንድም ዓምሃ ከዩኒቨርሲቲ ሸሽቶ ጉለሌ፣ እህቱ ጓዳ ከተደበቀ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ቀበሌዎች ካገኙት በሕይወት አይመለስም። መኖሩን የሚያውቁት እህቱና የስድስት ዓመት ልጇ ጽጌረዳ ብቻ ናቸው። ሰው እንዲህ ጓዳ ተቀምጦ ምን ይሠራል? ዓምሃ ልጅቷን ሒሳብ አስተማረ።

የሺሀረግ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የምትፈትል መበለት ናት። ጥጥ ስትዳምጥ የሚወጣውን ፍሬ ዓምሃ ይሰበስብና ከልጅቷ ጋር ሲደረድር፣ ሲያካፍል ይውላል። «እትዬ፣ ይቺ ልጅ እኔንም ትበልጠኛለች» ይላል በሹክሹክታ። የሺሀረግ ፊደል ባትቆጥርም ደስታው ልቧን ያሞቀዋል። ለጎረቤት ማውራት አለመቻሏ ግን ያንገበግባታል።

ልጅቷንማ በደንብ አስጠንቅቀዋታል። ቤት ማን አለ ቢሏት «እኔና እማዬ» ነው መልሷ፤ አንድ ቀን አልሳተችም። ስለ ሒሳቡ ዝም በይ ያላት ግን የለም፤ ማንስ አስቦት?

ክረምት ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። መቅረት አይቻልምና የሺሀረግ ልጇን ይዛ ቀበሌ አዳራሽ ሄደች። አስተማሪው ወልዱ የሚባል የቀበሌው ካድሬ ነው። የሺሀረግን ወደ ሰሌዳው ጠርቶ ሰባትና ስምንትን ይደምሩ አላት። ጠመኔውን ይዛ ተገተረች። ሴቶቹ ሳቁ።

ጽጌረዳ በእናቷ ሲሳቅ አላስቻላትም። «አሥራ አምስት» አለች ካግዳሚው ላይ።

«ብናባዛውስ?» አለ ወልዱ ለቀልድ።

«ሃምሳ ስድስት።»

አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። የወለደ አይጸድቅም ይባል የለ፣ የሺሀረግ በዚያች ቅጽበት ጓዳዋን ጭራሽ ረሳችው። አንገቷ ቀና አለ።

«ጎበዝ ናት። ማን አስተማራት?»

«እኔ ነኝ» አለች።

ጠመኔው ገና እጇ ላይ ነበር። ወልዱ ጠመኔውን አየ፣ ባዶውን ሰሌዳ አየ፤ ከዚያ በሩ ላይ የቆመውን አብዮት ጠባቂ በዐይኑ ጠቀሰው፤ ጠባቂው ፈጥኖ ወጣ። ትምህርቱ እስኪያበቃ ማንም እንዳይወጣ ተከለከለ። የሺሀረግ ቤቷ ስትደርስ በሩ ተገንጥሏል፣ ጓዳው ውስጥ ሰው የለም።

ዓምሃን ዳግመኛ ያየው የለም። ጽጌረዳ የት ሄደ ብላ አልጠየቀችም፤ ልጅ የማያውቅ የሚመስለው ለሞኝ ነው። እናቷም አልወቀሰቻትም። ምን ብላ ትውቀሳት?

በዓመቱ የሺሀረግ ማንበብ ቻለች፤ ልጅቷም ትምህርት ቤት ገብታ የመጀመሪያ ካርዷን አመጣች። እናት ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ራሷ አነበበችው፦ «በሒሳብ በጣም ደካማ ናት።» ቀና ስትል ጽጌረዳ ዐይን ዐይኗን ታያታለች። እያወቀች እንደምትሳሳት ሁለቱም ያውቃሉ።

«ጎበዝ» አለቻት የሺሀረግ። እፎይ አለች፤ እፎይ በማለቷም ራሷን ጠላች።