የማይቆጠረው መንጋ

ዋምቡይ መልስ የምትፈልገው እስከ ቀትር ነው። ከዚያ በኋላ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ቁርጥ ያለ ነገር።

ናሴሪያን የጆሮ መከላከያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከእንፋሎት ጉድጓዱ አፍ አጠገብ ቆማለች፤ ልቧ ግን ናይሮቢ ነው። ኮሌጅ አብራት የተማረችው ዋምቡይ የፀሐይ መብራት የሚሸጥ ድርጅት ገብታ፣ ይኸው በዓመቷ የሚሽከረከር ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ጥፍሯን የምትቀባ እመቤት ወጥቷታል። «ነይ ባክሽ» አለቻት ትናንት፣ «እጥፍ ይከፍሉሻል። እዚያ ገደል ውስጥ ድንጋይ ስትቀቅዪ ወጣትነትሽ አለቀ እኮ!»

ምን ዋሸች? ናሴሪያን ምህንድስና ተመርቃ፣ እዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ መሬት ሰርስሮ እንፋሎት ለሚያወጣ ተቋራጭ በጀማሪ ቴክኒሻንነት ከተቀጠረች ዓመት ሞላት። ደመወዟ ከእጅ ወደ አፍ ነው ቢባል ማጋነን ነው፤ አንዳንዴ አፍ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ናይቫሻ የተከራየቻት የቆርቆሮ ክፍል፣ ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ገንፎና ጎመን፣ የሚኒባስ ሒሳብ፣ በቃ! አባቷ ከብታቸውን እየነዱ ገበያ አውጥተው ነው ያስተማሯት። እሷ እስከ ዛሬ አንዲት ጥጃ እንኳ አልገዛችላቸውም።

አንጀቷን የሚበላት ደግሞ የአባቷ ዝምታ ነው። አባቷ ፓርሳሎይ ወሬ የሚወዱ ሰው ናቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጅቡ፣ ጎረቤት ስላጣላው አጥር ሳይቀር ይጠይቃሉ። «ስንት ነው የሚከፍሉሽ?» የምትለዋን ጥያቄ ግን ዓመት ሙሉ ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም። አፍረውብኛል ብላ ደምድማለች። ሌላ ምን ይሆናል?

ያን ቀን ጉድጓዱ የሚከፈትበት ቀን ስለነበር ፓርሳሎይ እንደ አገር ሽማግሌ ተጋብዘው መጡ። ቀይ ኩታቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ከመኪና ጎማ የተሠራ ጫማቸውን እየጎተቱ። ናሴሪያን ሮጣ ሄዳ አንገቷን ደፋች። በማሳይ ወግ ታናሽ አናቱን ይሰጣል፣ ታላቅ በእጁ ይነካል። የእሳቸው እጅ ያረፈው ግን የራስ መከላከያ ቆቧ ላይ ነው። በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«ልጄስ የታለች? ይኼ የማን ድስት ነው?»

ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። «እዚህ ማውለቅ ክልክል ነው፣ ፓፓ» አለች፤ እሷም ሳቋ አመለጣት።

የቁፋሮው አለቃ ኪፕኮሪር፣ ያ ተረበኛ፣ ጣልቃ ገባ። «አባት፣ የጉድጓዱን መክፈቻ መዘውር የሚያዞረው ከቡድኑ ትንሹ ነው፤ ልማዳችን ነው። ዛሬ ልጅዎ ናት። እንፋሎቱ አልወጣም ማለት እሷን ነው የምንሰድበው!»

«ከወጣስ?»

«ከወጣማ የቆፈርነው እኛ ነን!»

ናሴሪያን አባቷን ወደ ጥላ ገለል አደረገቻቸው። ሰዓቱ እየገፋ ነው።

«ፓፓ፣ ናይሮቢ ሥራ ተገኝቶልኛል። እጥፍ ይከፍላሉ። መልሱን የሚፈልጉት ዛሬ ነው። ምን ይሉኛል?»

ፓርሳሎይ ተራራውን አዩ። ዱላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «መንገዱ አቧራ ነበር» አሉ።

በቃ፣ ደሟ ፈላ። «ለምንድን ነው የማይጠይቁኝ? ዓመት ሙሉ! አፍረውብኝ ነው አይደል? እንግዲያው እኔው ልንገርዎት፣ በወር የማገኘው…» ብላ ቁጥሩን ከነሳንቲሙ ዘረገፈችው።

ሽማግሌው እባብ እንዳዩ ዘለሉ። መዳፋቸውን አፏ ላይ ለጠፉት። «ቱ! ቱ!» ብለው መሬት ላይ ተፉ። «ዝም በይ! አብደሻል እንዴ? ሰው የራሱን መንጋ ቆጥሮ ይጠራል? ሊያልቅብሽ ነው?»

ናሴሪያን ክው አለች። እንዴት ዘነጋችው? እሳቸው ቤት ከብት አይቆጠርም፣ ልጅም አይቆጠርም፤ ቁጥር ሞትን ይጠራል። ባለ ከብት ሲገናኝ «ላሞችህ ደህና ናቸው?» ተባብሎ ያልፋል እንጂ፣ ስንት ናቸው የሚል ባለጌ የለም።

«ስንት አለህ ብለን የምንጠይቀው ባዶ እጁን የመጣን ሰው ነው» አሉ ፓርሳሎይ፣ አሁንም እየተቆጡ። «ምን እንስጠው ብለን። አንቺን በምን ልቤ ልጠይቅሽ? ለማኝ ነሽ?»

«እኔ የምን መንጋ አለኝ፣ ፓፓ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ምንም የለኝም እኮ!»

መልስ ሳይሰጧት ፊሽካ ተነፋ። «አንቺ ልጅ!» አለ ኪፕኮሪር፣ «መዘውሩ ሊያገባሽ ነው የሚጠብቅሽ?»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ሄደች። ጆሮዋን ሸፈነች፤ ብረቱን ጨበጠች፤ አዞረች። ምንም የለም። ደግማ አዞረች። ከጥልቁ ያዘነ ሰው የሚተነፍሰው ዓይነት ረጅም ትንፋሽ ወጣ። እንደገና አዞረች፤ ኪፕኮሪር ክንዷን ይዞ ወደ ኋላ ጎተታት።

መሬቱን አሳለው። ጥቁር ጭቃ ተፋ፤ ጠጠር ወደ ላይ ዘነበ። ከዚያ ነጩ እንፋሎት መጣ።

ምን ብዬ ልንገራችሁ! ተራራውን አለፈ፣ ጭልፊቶቹን አለፈ፣ ፀሐይዋን ሸፈናት፣ አሁንም ይወጣል። ጩኸቱ በጆሮ አይደለም የሚሰማው፤ በጎድን አጥንት ነው። የቆመችበት አፈር ከእግሯ ሥር ይንቀጠቀጣል። ናሴሪያን ሙቀቱን ታውቃለች፣ ግፊቱን ታውቃለች፣ ተፈትናበታለች። አሁን ግን የምታውቀው ሁሉ ከጭንቅላቷ በኖ ጠፋ። ፈራች፤ ደግሞ ደስ አላት። እንዲህ አንሳ አታውቅም፣ ማነሷም እንዲህ ጣፍጧት አያውቅም። ይኼ ነገር አያቶቿ ጥጃ ሲያግዱበት ከእግራቸው ሥር ተኝቶ ኖሯል! ስንቱን ጉድጓድ የከፈተው ኪፕኮሪር እንኳ ቀልዱ ጠፍቶበት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። ለብ ያለ ካፊያ ፊታቸው ላይ ይወርድ ጀመር።

አባቷ እንግዶቹን ከከለለው ገመድ ወዲያ ቆመው አየቻቸው። እፍኝ ሣር ነጭተው ወደ ነጩ ዓምድ ከፍ አድርገው ይዘዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምርቃቱን የሰማ የለም።

ገመዱን አልፋ ወደ እሳቸው ሄደች፤ አብረው ጩኸቱ ወደሚቀልበት፣ መኪኖቹ ወደቆሙበት ራቁ። ሽማግሌው አፋቸውን ወደ ጆሮዋ አስጠግተው፣ እኩያቸውን መንገድ ላይ ያገኙ ይመስል ጠየቋት።

«ላሞችሽ ደህና ናቸው?»

በዕድሜዋ ተጠይቃው አታውቅም። ይኼ የባለ መንጋ ሰላምታ ነው። ወደ ላይ አየች፤ ነጩ አሁንም ሰማይ ለሰማይ እየሄደ ነው።

«ደህና ናቸው፣ ፓፓ» አለች፣ እንባዋ ከካፊያው ጋር እየወረደ። «እየጋጡ ነው።»

ቆቧን አውልቃ አንገቷን ደፋች። የሻከረ፣ ሞቃት እጅ አናቷ ላይ አረፈ።

ስልኳ ኪሷ ውስጥ የተንቀጠቀጠው ያን ጊዜ ነው።

«ቀትር ሆነ እኮ!» አለች ዋምቡይ። «ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ጩኸት? አውሮፕላን ማረፊያ ነሽ?»

«አልመጣም፣ ዋምቡይ።»

«ምን? ቆይ፣ ቆይ፤ ጨመሩልሽ ማለት ነው! ስንት አደረሱልሽ?»

ናሴሪያን ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። አንዲት ሽልንግ የጨመረላት የለም። የቆርቆሮዋ ክፍል ኪራይም አልቀነሰ። ነገ ጠዋት ኪፕኮሪር ቢሮ ገብታ ጭማሪ ትጠይቃለች፤ አለቃ ፊት መቁጠር ይፈቀዳል። ይጮህባት ይሆናል፤ ይጩህ። አባቷ ከጎኗ ሆነው ዓይናቸውን ከሰማዩ አልነቀሉም።

«ኧረ ንገሪኝ እንጂ!» አለች ዋምቡይ። «ስንት?»

«አይቆጠርም» አለቻት።