በገብረ ሚካኤል ስም

«ታዲያ እኔ ሁለት ወር ሙሉ ለማን ሳስጸልይ ከረምኩ?»

እትዬ ማናልሞሽ ይህን ጠይቀው መልሱን ከእንግዳቸው ፊት ላይ ፈለጉ። እንግዳው ሸዋንግዛው የልጅ ልጃቸው የሕዝቅያስ የክርስትና አባት ነው። ልጁ መጥፋቱን ሰምቶ ሊጠይቃቸው ከማሻ ሚዛን ድረስ መጣ፤ ነገሩን ያፈረጠውም ገና ጫማውን ሳያወልቅ ነው።

«እትዬ፣ የክርስትና ስሙ ገብረ ሚካኤል አይደለም፤ ተክለ ማርያም ነው። እኔው አይደለሁ ክርስትና ያነሣሁት?»

«እናቱን ሚካኤል ይሁን ብያት ነበር እኮ! ነፍሷን ይማርና፣ እሺ ብላኝ ነበር።»

«እሺ ማለትማ ልማዷ ነበር» አለ፣ ሊያስቃቸው ፈልጎ። አልሳቁም።

ልጁ ማሻ ላይ ክርስትና ሲነሣ እሳቸው ሚዛን በወባ ተኝተው ነበር። በልባቸው ሚካኤል ብለው ስለቆረጡ፣ እንደዚያው የሆነ መስሏቸው ሃያ ዓመት ኖሩ። እናቱ ቶሎ አረፈች። ሕዝቅያስም ቢሆን የሚያውቀው አያቱ የነገሩትን ስም ነው።

መስከረም ሲጠባ ከጎረቤት ልጅ ከብሩክ ጋር ለቡና ለቀማ ወደ ቴፒ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ እዚያ ግርግር ተነሣ ተባለ፣ መኪናም ቆመ። ይኸው ኅዳር ሊያልቅ ነው። እትዬ ማናልሞሽ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋልና ማንንም አላስቸገሩም፤ ከደብተር ቀደው «ገብረ ሚካኤልን በቅዳሴ ያስቡልኝ» እያሉ በገዛ እጃቸው ጽፈው እሑድ እሑድ ለመምሬ ይሰጣሉ። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ አላሉም።

ድንገት እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ።

«ብሩክ!»

«ብሩክማ በሰላም ገብቷል ሲሉ ሰማሁ፤ ምን ሆነ?»

«ገብረ ሚካኤል የብሩክ የክርስትና ስም ነው! ለክርስትናው ጠላ የጠመቅኩት እኔ አይደለሁ?»

ሸዋንግዛው ሳቁ አመለጠው። «እግዜር ታዲያ ምን ያድርግ እትዬ? በጻፉለት አድራሻ ነዋ የመለሰልዎ!»

ቀልዱ ወጋቸው። ብሩክ ከስቶና ጠቁሮ ብቻውን ከገባ አሥር ቀኑ ነው። ያን ቀን ከእናቱ ጋር እልል ብለው፣ ቤታቸው ሲገቡ ነጠላቸውን ነክሰው አልቅሰዋል። አሁን ደግሞ የሕዝቅያስን ድርሻ የወሰደባቸው መሰላቸው። ወዲያው ደነገጡ። «ምነው የሰው ልጅ መትረፉ ቆጨኝ? ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ» እያሉ አማተቡ።

ሸዋንግዛው ስሙን ለመምሬ አስተካክሎ ሊነግር ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ብሩክ የተቀቀለ ጎደሬ በሳህን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ እናቴ ልካ ነው።»

«ግባ። ምን በሩ ላይ ይገትርሃል? አልበላህም!»

ከመጣ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብሎ፣ «ግርግሩ ላይ ተለያየን» ብሎ ነበር የሄደው። አሁንም ዓይናቸውን አላየም።

«አንተ ገብረ ሚካኤል አይደለህ?»

«ነኝ። ምነው?»

«ለሕዝቅያስ ብዬ ያስጸለይኩት ሁሉ ባንተ ስም ነው የተጸለየው። ተሳስቼ ነው። ስትፈልግ ሳቅ፤ ሸዋንግዛውም ስቋል።»

ብሩክ አልሳቀም። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«እማማ… ግርግሩ ላይ አልተለያየንም።»

«ምን አልክ?»

«ጫካ ለጫካ አብረን እስከ ሸኮ ደረስን። እዚያ ወባ ጣለው፣ መራመድ አቃተው። አንድ ንብ አናቢ ሽማግሌ ቤት አስተኛሁት። በሦስት ቀን መድኃኒት ይዤ እመለሳለሁ አልኩት። ከመጣሁ በኋላ ግን ፈራሁ። መመለሱንም ፈራሁ፣ እርስዎንም ፈራሁ።»

«አሥር ቀን!» እጃቸው ለጥፊ ተነሣ፤ አየር ላይ ደክሞት ወረደ። «ስትለየው ይናገር ነበር?»

«ይናገራል። ‹እማማን እንዳታስደነግጣት› አለኝ።»

«እኔን! እኔን አፈር ይብላኝ!»

መደቡ ላይ ተቀመጡ። ልጁ ይኑር አይኑር አሁንም አያውቁም። ግን አንድ ነገር ውስጣቸው ተላወሰ፦ ይህ ልጅ መንገድ ላይ ቀርቶ ቢሆን፣ ሕዝቅያስ የት እንደተኛ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አይኖርም ነበር። እሳቸው የተሳሳቱት ስም መንገዱን የሚያውቀውን ነበር የጠበቀው።

«ስማ ብሩክ፤ ጸሎቴን አልቀማኸኝም። ላንተም ይገባህ ነበር» አሉ። «ግን ሂድ አልልህም። አንተም ለእናትህ አንድ ነህ። ቦታውን ለሸዋንግዛው ንገረው፣ እሱ ይሂድ።»

«በቃል አይነገርም እማማ። ከመኪና ወርዶ የግማሽ ቀን እግር ነው፤ እኔም ስረግጠው ነው የማውቀው።»

«እንግዲያው ሸዋንግዛው ይመለስና እንማከራለን። እናትህም ትስማ። መንገዱ ይከፈት አይከፈት ማን ያውቃል? ካፊያውም ጀምሯል፣ ኮት እንኳ አልለበስክ…»

ብሩክ ተነሣ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመና ወጣ። እትዬ ማናልሞሽ ግድግዳ ይዘው የበሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ፣ የእናቱን በር አልፎ ወደ መናኸሪያው ቁልቁል እየወረደ ነበር።